ዓሣው እየሞተ ሰላጣው ለምን ይገረጣል? ለአንድ የጓሮ አኳፖኒክስ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ዓሣንና አትክልትን በአንድ በሚዘዋወር ውኃ ስለማልማት፣ ማለትም ስለ አኳፖኒክስ፣ የቀረበልኝ ጥያቄ በአጭሩ ይህ ነው፦ «በጓሮዬ 1,000 ሊትር የሚይዝ የዓሣ ገንዳ፣ እንዲሁም እያንዳንዳቸው 1.5 ካሬ ሜትር ስፋትና 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያላቸው ሁለት የጠጠር መደቦች ሠርቻለሁ። ፓምፑ ውኃውን ከገንዳው ወደ መደቦቹ ያወጣል፤ ውኃው ከመደቦቹ በሲፎን ተመልሶ ወደ ገንዳው ይወርዳል። ከሦስት ሳምንት በፊት 100 ግራም ገደማ የሚመዝኑ 60 ቲላፒያዎችንና የሰላጣ ችግኞችን በአንድ ቀን አስገባሁ። መኖ በቀን ሦስት ጊዜ እስኪጠግቡ እሰጣቸዋለሁ፤ በጠቅላላው ወደ 200 ግራም ይሆናል። እስካሁን 7 ዓሦች ሞተውብኛል፤ የቀሩትም ማለዳ ማለዳ ውኃው አናት ላይ ተሰብስበው አፋቸውን ይከፋፍታሉ። የሰላጣው አዳዲስ ቅጠሎች ቢጫ እየሆኑ ነው። ውኃውን ከሰዓት በኋላ ስመረምረው ፒኤች 8.2፣ አሞኒያ 3፣ ናይትራይት 4 ሚሊ ግራም በሊትር ሲሆን ናይትሬት የለም ማለት ይቻላል፤ ሙቀቱ 26 ዲግሪ ነው። አንዱ ወዳጄ ውኃውን በሙሉ ቀይር ይለኛል፤ ሌላው ሰላጣው ናይትሮጅን ስለጎደለው ዩሪያ ጨምርበት ይለኛል። ዓሣ አብዝቼ ይሆን? የቱን ልስማ?»

ከሁለቱ ምክሮች የትኛውንም እንዳይከተሉ እለምንዎታለሁ። ውኃውን በአንድ ጊዜ በሙሉ መቀየር የተዳከሙትን ዓሦች ለድንገተኛ የሙቀትና የፒኤች (የውኃው አሲድነት መለኪያ) ለውጥ ያጋልጣቸዋል። ዩሪያ ደግሞ ውኃ ውስጥ ሲገባ ወደ አሞኒያ የሚለወጥ ማዳበሪያ ስለሆነ፣ አሁን ዓሦችዎን እየጎዳ ያለውን ነገር በገዛ እጅዎ መጨመር ይሆናል። ሰላጣው የገረጣውም በናይትሮጅን እጦት አይመስለኝም፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ አስረዳለሁ። ዓሣ እየሞተ ስለሆነ ግን ዛሬ መደረግ ያለበትን ላስቀድም።

ከዚህ ሰዓት ጀምሮ መኖ መስጠት ያቁሙ። 100 ግራም የደረሰ ቲላፒያ ለአራትና ለአምስት ቀን ሳይበላ ቢቆይ አይጎዳም፤ የሚበላው ግን በሰዓታት ውስጥ አሞኒያ ሆኖ ይወጣል። ገንዳው ወለል ላይ የተኛ የመኖ ትራፊ ካለ በቀጭን ቱቦ ስበው ያውጡት፤ እሱም ሲበሰብስ የሚሰጠው ያንኑ አሞኒያ ነው። ቀጥሎ ከገንዳው ውኃ አንድ ሦስተኛውን ያውጡና በአዲስ ይተኩ፤ ነገም ይህንኑ ይድገሙት። በዚህ አካሄድ አሞኒያው ከ3 ወደ 2፣ በማግስቱም ወደ 1.3 ገደማ ይወርዳል፤ ናይትራይቱም ከ4 ወደ 2.7፣ ከዚያም ወደ 1.8 ይቀንሳል። አዲሱ ውኃ የቧንቧ ከሆነ ክሎሪኑ ዓሣውንም፣ አሞኒያውን የሚያስወግድልንን፣ ከዓሣው ይበልጥ የምንፈልገውን ባክቴሪያም ስለሚጎዳ፣ በክፍት በርሜል አየር እየተነፋበት ቢያንስ አንድ ቀን ይቆይ። ለዛሬው ይህን ያህል ጊዜ ስለሌለ ክሎሪን አምካኝ የሆነውን ሶዲየም ታዮሰልፌት፣ ካልተገኘም ቫይታሚን ሲ መጠቀም ይቻላል። ውኃው የሚታከመው የክሎሪንና የአሞኒያ ውህድ በሆነው ክሎራሚን ከሆነ ደግሞ በማቆየት ብቻ ስለማይጠፋ እነዚህን መጠቀም ግድ ይሆናል። የሚጨምሩት ውኃ ሙቀት ከገንዳው ጋር የተቀራረበ መሆኑን በእጅዎ ሳይሆን በቴርሞሜትር ያረጋግጡ።

ከዚያ 250 ግራም ንጹሕ ጨው፣ ምንም ያልተቀላቀለበት፣ በባልዲ ውኃ አሟሙተው ቀስ በቀስ ወደ ገንዳው ያፍስሱ። ይህ ናይትራይቱን አያጠፋውም፤ ዓሣው ውስጥ እንዳይገባ ግን ይከላከላል። ናይትራይት ወደ ዓሣው ደም የሚገባው ክሎራይድ በሚገባበት በዚያው የስንጥብ በር ነው፤ ክሎራይዱ ሲበዛ ናይትራይቱ መግቢያ ያጣል። ብዙ ሰዎች ለ1,000 ሊትር አንድ ኪሎ ጨው እንዲጨመር ይመክራሉ። ዓሣ ብቻ ባለበት ገንዳ አልቃወምም፤ ይህ ውኃ ግን ተመልሶ ወደ አትክልት ሥር ይሄዳል፣ ሶዲየሙም ውኃው ካልተቀየረ የሚሄድበት ስለሌለ እየተጠራቀመ ተክሉን ያቀጭጫል። 250 ግራም ጨው በ1,000 ሊትር ውስጥ 150 ሚሊ ግራም በሊትር ገደማ ክሎራይድ ይሰጣል፤ ለ4 ሚሊ ግራም ናይትራይት ከበቂ በላይ ነው። ነገ ውኃውን ሲቀይሩ አንድ ሦስተኛው ጨው አብሮ ስለሚወጣ 80 ግራም ይመልሱበት።

የአየር ፓምፕ ከሌለዎት ዛሬውኑ ያስገቡ። እስኪያገኙ ድረስ ከመደቡ የሚመለሰውን ቧንቧ ከውኃው ወለል 30 ወይም 40 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርገው፣ ውኃው እየተበተነ እንዲወድቅ ያድርጉ። ዓሦቹ በተለይ ማለዳ ላይ ማጣጣራቸው ብዙ ይናገራል። ኦክሲጅን በገንዳ ውስጥ ዝቅተኛ ደረጃ ላይ የሚደርሰው ጎሕ ሲቀድ ነው፤ ሌሊቱን ዓሣውም፣ ባክቴሪያውም፣ ውኃውን አረንጓዴ የሚያደርገው አልጌም ሲተነፍሱ ያድራሉ እንጂ ኦክሲጅን የሚያመርት አይኖርም። በ26 ዲግሪ ሙቀት ውኃ በባሕር ወለል ከፍታ ሊይዝ የሚችለው ኦክሲጅን ቢበዛ 8 ሚሊ ግራም በሊትር ገደማ ነው፤ ቦታው ከፍ ሲል ደግሞ ከዚያ ያንሳል። እኛ ምንጊዜም ከ5 በላይ እንዲሆን እንፈልጋለን። ቲላፒያ ከዚህ ባነሰም ሊቆይ ይችላል፤ ባክቴሪያዎቹ ግን ሥራቸውን ይቀንሳሉ።

ማጣጣሩ ግን የኦክሲጅን እጥረት ብቻ ላይሆን ይችላል። ከእንግዲህ የሚሞት ዓሣ ካለ ከመጣልዎ በፊት የስንጥቡን ክዳን በጣትዎ ገልጠው ይመልከቱ። ከውኃው እንደወጣ ሲታይ ጤናማ ስንጥብ ደማቅ ቀይ ነው። ናይትራይት የገደለው ዓሣ ስንጥብ ግን የቸኮሌት ዓይነት ቡናማ መልክ ይይዛል፤ ናይትራይቱ ሄሞግሎቢኑን ኦክሲጅን መሸከም ወደማይችል ዓይነት ስለሚለውጠው ነው። እንዲህ ያለ ዓሣ በኦክሲጅን የተሞላ ውኃ ውስጥ ሆኖም ይታፈናል። ስንጥቡ ቡናማ ከሆነ ጨው መጨመርዎ ትክክል ነበር ማለት ነው። ቀይ ሆኖ ነገር ግን ያበጠና በዝልግልግ የተሸፈነ ከሆነ ቀዳሚው ተጠርጣሪ አሞኒያው ነው።

አሁን ወደ ምክንያቱ ልግባ። አኳፖኒክስ የሚሠራው በሦስት ወገኖች፣ በዓሣ፣ በተክልና በባክቴሪያ ነው፤ ሦስተኛው ወገን ስለማይታይ ብዙ ጀማሪዎች ሳይጠብቁት ይጀምራሉ። ዓሣ የበላውን ፕሮቲን ከተጠቀመበት በኋላ ትርፉን ናይትሮጅን በአብዛኛው በስንጥቡ በኩል አሞኒያ አድርጎ ያስወጣል። በጠጠሩ ገጽ ላይ የሚኖሩ አንድ ወገን ባክቴሪያዎች ይህን አሞኒያ ወደ ናይትራይት ይለውጡታል፤ ከእነሱ ቀጥለው የሚመጡት ሌሎቹ ደግሞ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትሬት ለዓሣ ብዙም ጉዳት የሌለው፣ ለተክል ግን ዋና ምግብ ነው። ጠጠሩ አዲስ ሲሆን እነዚህ ባክቴሪያዎች በቁጥር እዚህ ግቡ የማይባሉ ናቸው፤ የሚራቡትም በጣም ቀስ ብለው ነው። ውኃው ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ሙቀት ካለው ሥራቸውን ለመረከብ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስድባቸዋል፤ ውኃው ቀዝቃዛ ከሆነ ደግሞ ከዚህም ይረዝማል።

የሰጡኝ ቁጥሮች ይህንኑ በግልጽ ያሳያሉ። 32 ከመቶ ገደማ ፕሮቲን ያለው መኖ በኪሎ ወደ 30 ግራም አሞኒያ ይሰጣል። ስለዚህ በቀን 200 ግራም መኖ 6 ግራም አሞኒያ ነው፤ ይህ በ1,000 ሊትር ውኃ ሲከፋፈል የሚያስወግደው ከሌለ አሞኒያውን በየቀኑ በ6 ሚሊ ግራም በሊትር ከፍ ያደርገዋል። ከሦስት ሳምንት በኋላ 3 ላይ ብቻ መገኘቱ የመጀመሪያዎቹ ባክቴሪያዎች ሥራ መጀመራቸውን ይነግረናል። ናይትራይቱ 4 ደርሶ ናይትሬት አለመታየቱ ደግሞ ሁለተኛዎቹ ገና አለመድረሳቸውን ያሳያል። ይህ የተለመደ ቅደም ተከተል ነው። የመደብዎ ስፋት ችግር የለበትም፤ ወደ 0.9 ሜትር ኩብ የሚሆን ጠጠር ከ100 ካሬ ሜትር በላይ የባክቴሪያ መኖሪያ ገጽ ስላለው ወደፊት ከዚህ የሚበልጥ መኖ የማስተናገድ አቅም አለው። የጎደለው ጊዜ ብቻ ነው። ዓሦቹ በብዛት ከመግባታቸው በፊት ሥርዓቱ በጥቂት አሞኒያ ለአንድ ወር ያህል ቢቆይ ኖሮ እነዚያ ሰባት ዓሦች ባልሞቱ ነበር ብዬ አምናለሁ። ይህንን ለወቀሳ አላነሣሁትም፤ ቀጣዩን ገንዳ ለሚሠራ ሰው እንዲነግሩልኝ ነው። ጤናማነቱን የሚያምኑት፣ የቆየ አኳፖኒክስ ያለው ሰው ካለ አንድ ባልዲ እርጥብ ጠጠር ቢሰጥዎት ጊዜውን ያሳጥርልዎታል። ሲያጓጉዙት ብቻ እንዳይደርቅና ፀሐይ እንዳይመታው ይጠንቀቁ።

ከሁሉም በላይ ግን ትኩረቴን የሳበው ፒኤቹ ነው፤ በእኔ አስተያየት የዓሣውንም የሰላጣውንም ችግር አንድ ላይ የሚያስረው እሱ ነው። መመርመሪያዎ አሞኒያ ብሎ የሚነግርዎት ቁጥር የሁለት ነገሮች ድምር ነው። አንዱ አሞኒየም ሲሆን ዓሣውን እምብዛም አይጎዳውም፤ ሌላው በጋዝ መልክ ያለው አሞኒያ ሲሆን በስንጥብ በቀላሉ የሚያልፍ መርዝ ነው። ከሁለቱ የትኛው እንደሚበዛ የሚወስኑት ፒኤችና ሙቀት ናቸው። በ26 ዲግሪ፣ ፒኤች 7 ላይ መርዛማው ድርሻ ከመቶ 0.6 ገደማ ብቻ ነው፤ ፒኤች 8.2 ላይ ግን ከመቶ 9 ያህል ይደርሳል። ስለዚህ ያው 3 ሚሊ ግራም አሞኒያ ፒኤች 7 ላይ 0.02 ገደማ፣ በእርስዎ ገንዳ ግን 0.26 ገደማ መርዝ ይዟል ማለት ነው። ስንጥብን መጉዳት የሚጀምረው 0.05 አካባቢ እንደሆነ ሲታሰብ፣ በአንዱ ሰው ገንዳ ምንም ያላደረገው አሞኒያ በሌላው ገንዳ ለምን እንደሚገድል ግልጽ ይሆናል።

ወደ ሰላጣው ስንመጣ፣ የቢጫውን ቅጠል አንዱን ቆርጠው ወደ ብርሃን አንሥተው እንዲያዩት እፈልጋለሁ። ናይትሮጅን ያጣ ተክል ያለውን ናይትሮጅን ከአሮጌው ቅጠል አንሥቶ ለአዲሱ ስለሚሰጥ፣ የሚገረጣው ከታች ያለው አሮጌ ቅጠል ነው፤ የሚገረጣውም ሙሉ በሙሉ ነው። እርስዎ ግን የገረጡት አዳዲሶቹ ናቸው ብለዋል። ጅማቶቹ እንደ ቀጭን አረንጓዴ መረብ ቀርተው በመካከላቸው ያለው ቦታ ብቻ ቢጫ ከሆነ ያ የብረት እጦት ነው። ተክል ብረትን ከአሮጌ ቅጠል አንሥቶ ማዛወር ስለማይችል ጉድለቱ የሚታየው በአዲሱ ላይ ነው። ብረት ደግሞ ፒኤች ከ7.5 በላይ ሲሆን ውኃ ውስጥ ቢኖርም በማይሟሟ መልክ ስለሚዘቅጥ ሥሩ አያገኘውም። በተጨማሪም የዓሣ መኖ በቂ ብረት ስለማይይዝ፣ ፒኤቹ በተስተካከለ ገንዳ እንኳ ብረት ከውጭ ይጨመራል።

ስለዚህ ፒኤቹ ለምን 8.2 ሆነ? እኔ የምጠረጥራቸው ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ሁለቱንም ቤትዎ ውስጥ መለየት ይቻላል። የመጀመሪያው ጠጠሩ ነው። ከመደቡ አንድ እፍኝ ጠጠር ወስደው በደንብ ይጠቡና ያድርቁ፤ በብርጭቆ አድርገው እስኪሸፍነው ድረስ ኮምጣጤ ያፍስሱበት። ጆሮዎን ጠጋ አድርገው ያዳምጡ፤ በብርሃን አንጻርም ይመልከቱ። ከጠጠሮቹ ገጽ ደቃቅ አረፋ በተከታታይ የሚነሣ ከሆነ የኖራ ድንጋይ አለበት። የተቀላቀለ ጠጠር ላይ አረፋው ከጥቂቶቹ ብቻ ሊነሣ ስለሚችል ከሦስት ከአራት ቦታ ወስደው ይሞክሩት። ሁለተኛው ተጠርጣሪ አልጌ ነው። ገንዳው ፀሐይ የሚያገኘው ከሆነና ውኃው አረንጓዴ ከሆነ፣ አልጌው ቀን ቀን ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ከውኃው እየሳበ ፒኤቹን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ሌሊት መልሶ ይወርዳል። እርስዎ የለኩት ከሰዓት በኋላ ብቻ ስለሆነ አንድ ቀን ፀሐይ ሳትወጣ፣ በዚያው ቀን በዘጠኝ ሰዓትም ይለኩ። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ አልጌ ነው፤ ሁለቱም ጊዜ 8.2 አካባቢ ከሆነ ጠጠሩ ነው፤ ወይም የሚጨምሩት ውኃ ራሱ በካልሲየም ካርቦኔት የበለጸገ ነው።

መፍትሔው እንደ መልሱ ይለያያል። አልጌ ከሆነ ገንዳውን ብርሃን በማያሳልፍ ነገር መሸፈን ይበቃል፤ አየር እንዲገባ ክፍተት ይተዉ። መደቡም ላይ ውኃው ከጠጠሩ አናት 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ እንዲቆም ያድርጉ፤ የላይኛው ጠጠር ደረቅ ከሆነ አልጌ አይይዘውም። ጠጠሩ የኖራ ድንጋይ ከሆነ ግን አሲድ እየጨመሩ ለማስተካከል አይሞክሩ። አሲዱ በገባ ቁጥር ኖራው ይሟሟና ፒኤቹ በማግስቱ ወደነበረበት ይመለሳል፤ ዓሣው በየቀኑ መውጣትና መውረዱን ይሸከማል፣ ምንም የሚገኝ ትርፍም የለም። ትክክለኛው ሥራ ጠጠሩን መቀየር ነው፤ አድካሚ መሆኑን አውቃለሁ። አሁን ግን አይቀይሩት፤ ባክቴሪያዎቹ ገና እየተተከሉ ያሉት በእሱ ላይ ነው። ናይትራይቱ ከጠፋ በኋላ አንዱን መደብ ይቀይሩ፤ አንድ ወር ቆይተው ሌላውን ይቀይሩ። አዲሱ ጠጠር መጠኑ ከ8 እስከ 20 ሚሊ ሜትር፣ በኮምጣጤ የተፈተነና እስኪጠራ የታጠበ ይሁን።

እስከዚያው ለሰላጣው ብረት ይስጡት፤ የብረቱን ዓይነት ግን ይምረጡ። ብረት ሰልፌት በዚህ ፒኤች ወዲያው ይዘቅጣል። በኪሌት (ብረቱን ይዞ እንዳይዘቅጥ በሚያደርግ ውህድ) የታሰሩት ብረቶችም አንድ አይደሉም፤ ኢዲቲኤ የተባለው ፒኤች ከ6.5 ሲያልፍ ይለቀዋል፣ ዲቲፒኤ እስከ 7.5 ይይዘዋል፣ በ8.2 የሚያዋጣዎት ኢዲዲኤችኤ ነው። ውኃውን ቀይ ያደርገዋል፤ አይደንግጡ። ዒላማችን 2 ሚሊ ግራም ብረት በሊትር ነው፤ ዱቄቱ 6 ከመቶ ብረት ካለው ለ1,000 ሊትር 33 ግራም ይሆናል። በየሦስት ሳምንቱ አዲሱን ቅጠል እያዩ ይድገሙት። አንድ ጊዜ የገረጣ ቅጠል ሙሉ በሙሉ ላያገግም ይችላል፤ ውጤቱን የሚያዩት ቀጥለው በሚወጡት ላይ ነው።

«ዓሣ አብዝቼ ይሆን?» ላሉት፣ በእኔ እምነት ጥያቄው በዓሣ ቁጥር ሳይሆን በቀን በሚገባው መኖ መጠን መመለስ አለበት። ወደ ውኃው የሚገባው አሞኒያም ሆነ ለተክሉ የሚደርሰው ናይትሬት ምንጩ መኖው ነው፤ ዓሣው መተላለፊያ ነው። በቨርጂን ደሴቶች ዩኒቨርሲቲ ጄምስ ራኮሲ በተንሳፋፊ መደብ ላይ ባካሄዱት የዓመታት ሥራ ለአንድ ካሬ ሜትር አትክልት በቀን ከ60 እስከ 100 ግራም መኖ የሚለውን ስሌት አስለምደዋል። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ለአነስተኛ አኳፖኒክስ ባወጣው መመሪያ ደግሞ ለቅጠላ ቅጠል ከ40 እስከ 50፣ ፍሬ ለሚሰጡ አትክልቶች ከ50 እስከ 80 ግራም ይላል። ለጓሮ ይህን ሁለተኛውን እመርጣለሁ። እርስዎ 3 ካሬ ሜትር ሰላጣ ስላለዎት የሚችሉት በቀን ከ120 እስከ 150 ግራም ነው፤ ሲሰጡ የቆዩት 200 ነበር። የቀሩት 53 ዓሦች 5.3 ኪሎ ገደማ ይመዝናሉ፤ በቀን የክብደታቸውን 2 ከመቶ ቢበሉ 106 ግራም ነው። ስለዚህ ባክቴሪያው ከደረሰ በኋላ እነዚህ ዓሦች ለመደብዎ ዛሬ ብዙ አይደሉም።

ሲያድጉ ግን ይበዛሉ። እያንዳንዳቸው 150 ግራም ሲደርሱ 2 ከመቶው 159 ግራም ይሆንና ጣሪያውን ያልፋል። 300 ግራም ሲደርሱ፣ ድርሻው ወደ 1.5 ከመቶ ቢወርድም እንኳ፣ በቀን ወደ 240 ግራም መኖ ይፈልጋሉ፤ ለዚያ ከ5 እስከ 6 ካሬ ሜትር አትክልት ያስፈልጋል። የዓሣው ክብደትም 16 ኪሎ ስለሚደርስ ለ1,000 ሊትር ከሚመከረው የ20 ኪሎ ጣሪያ ብዙም አይርቅም፤ እዚያ ላይ ፓምፑ ቢቆም ያለዎት ጊዜ በደቂቃዎች የሚቆጠር ይሆናል። ስለዚህ ሁለት መደብ መጨመር ወይም ዓሦቹን ወደ 30 ማውረድ አለብዎት። ሠላሳ ዓሣ 300 ግራም ሲደርስ በቀን 135 ግራም ይበላል፤ ከ3 ካሬ ሜትርዎ ጋር ልክ ይገጥማል። እኔ ብሆን ለመጀመሪያው ዓመት ሠላሳውን እመርጣለሁ።

ከድንገተኛው እርምጃ በኋላ አሞኒያና ናይትራይትን በየቀኑ ይለኩ። ሁለቱም ከ1 በታች ሲወርዱ በቀን አንድ ጊዜ በ30 ግራም መኖ ይጀምሩ፤ በ15 ደቂቃ ያልተበላውን በመረብ ያውጡ። በየሦስት አራት ቀኑ በ15 ግራም ይጨምሩ፤ ከሁለቱ አንዱ እንደገና ከ1 ካለፈ ወደ ኋላ ይመለሱ። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ ናይትራይቱ በድንገት ወድቆ ናይትሬቱ ሲወጣ ያያሉ። ያ ቀን ሥርዓቱ የተወለደበት ቀን ነው ማለት ይቻላል፤ ከዚያ ወዲያ ምርመራው በሳምንት አንድ ጊዜ ቢሆን ይበቃል። ሰላጣውን ሁሉ በአንድ ቀን አይትከሉ፤ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ሦስተኛውን ቢተክሉ አጭደው በሚጨርሱበት ቀን ናይትሬቱ የሚወስደው አጥቶ አይከማችም። ቲማቲምና ቃሪያ ለአሁኑ ይቆዩ፤ ፖታሲየም በብዛት ስለሚፈልጉ በወጣት ገንዳ አይረኩም።

ኖራ የሌለበት ጠጠር ካስገቡ በኋላ ደግሞ ተቃራኒውን ችግር ይጠብቁ። አሞኒያ ወደ ናይትሬት ሲለወጥ አሲድ ይፈጠራል፤ ለእያንዳንዱ ግራም የአሞኒያ ናይትሮጅን 7 ግራም ካልሲየም ካርቦኔት የሚያክል፣ ፒኤች እንዳይወርድ የሚከላከል አቅም ከውኃው ይበላል። ፒኤቹ በየሳምንቱ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ከ6 በታች ሲሆን ባክቴሪያው ይዳከማል። ከ6.8 እስከ 7 ባለው መካከል ለማቆየት አንድ ጊዜ ውኃ የጠጣ ኖራ (ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ)፣ ቀጥሎ ፖታሲየም ካርቦኔት እያፈራረቁ በጥቂቱ ይጨምሩ፤ በአንድ ቀን ከ0.2 በላይ እንዲወጣ አያድርጉ። እግረ መንገድም ተክሉ የሚጎድለውን ካልሲየምና ፖታሲየም ያገኛል። የዳቦ ሶዳ ሶዲየም ስለሚያከማች ለዘወትር አይሆንም።

ስለ ተባይ በአጭሩ፦ ፓይሬትሮይድ የተባሉት የተባይ መድኃኒቶች እጅግ በጥቂት መጠን ዓሣ ይገድላሉ፤ ከዕፅዋት የተገኘ ነው የሚባለውም ለዓሣ ደኅና ነው ማለት አይደለም። ለአባጨጓሬ ባሲለስ ቱሪንጂየንሲስ የተባለውን ባክቴሪያ መጠቀም ይቻላል፤ ለሌላው በእጅ መልቀም ይሻላል። የመዳብና የዚንክ ቅብ ቧንቧም በዚህ ውኃ መንገድ ላይ አይግባ።

የመጨረሻው ጉዳይ የፓምፑ አቀማመጥ ነው፤ ጥያቄዎ ውስጥ ባይኖርም ሳላነሣው ብቀር ቅር ይለኛል። እኔ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ፓምፑን ገንዳው ወለል ላይ አስቀምጬ ነበር። አንድ ሌሊት የቲማቲም ሥር የመደቡን መውጫ ደፈነው፤ ውኃው በመደቡ ጠርዝ እየፈሰሰ፣ ፓምፑም የቀረውን እየሳበ አደረ። ጠዋት ስደርስ ገንዳው ውስጥ የእጄን ጣት ውፍረት የምታክል ውኃ ነበረች፤ ዓሦቹ በጎናቸው ተኝተው ነበር። ከዚያ ወዲህ የምሠራው ገንዳ ሁሉ የፓምፑ መሳቢያ ከወለሉ አንድ ሦስተኛ ከፍታ ላይ ነው፤ የፈለገው ቧንቧ ቢደፈን ወይም ቢፈነዳ ዓሣው የሚቆይበት ውኃ ይተርፋል። ወለል ላይ የሚቀረውን ደለል በየሳምንቱ በቱቦ አወጣዋለሁ። የአየር ፓምፑንም በባትሪ ከሚሠራ መጠባበቂያ ጋር ያያይዙት፤ መብራቱ ተኝተው ሳሉ ቢሄድ አያውቁምና፣ መጠባበቂያው ራሱ የሚነሣ ዓይነት ይሁን።